የዋሻ ጠላቂ ትጥቅና ምክንያቱ

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ጠላቂ ትጥቅ ቢያነብ ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ይህን ትምህርት ያሰናዳነው አንባቢዎቻችን ነገ ተነሥተው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይገባሉ ብለን አይደለም። ሰው በገላው ላይ የሚያስረው እያንዳንዱ ዕቃ «ለምን እዚህ ቦታ ሆንህ?» ተብሎ ተጠይቆ መልስ የሚሰጥበት ሥራ እምብዛም አይገኝም። መልሱም በብዙ ወጣቶች ሕይወት የተገዛ ስለ ሆነ፥ ምክንያትን ከልማድ ለይቶ ማየት ለሚወድ ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አየሩ እንናገር። ጠላቂ በጀርባው አዝሎ የሚወርደው በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ይህን አየር እየመጠነ ወደ አፍ የሚያደርሰውን ሬጉላተር በ1943 ያወጡት ዣክ ኢቭ ኩስቶ የተባለው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንንና ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ ናቸው። ጋኛን አስቀድሞ የሠራው ሬጉላተር፥ በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ የታሰበ ነበር። በየቤታችን በቡታጋዝ ሲሊንደር ራስ ላይ የምናየው ሬጉላተር የዚሁ የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሁለቱም ሥራ ከፍተኛውን ግፊት ዝቅ አድርጎ መስጠት ነው። የጠላቂው ግን አንድ ተጨማሪ ችሎታ አለው፤ ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ይከፈታል፥ የሚሰጠውም አየር በዙሪያው ካለው ውኃ ግፊት ጋር እኩል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በምድር ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በዚያ ጥልቀት በደቂቃ 80 ሊትር ይጨርሳል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 አትሞስፌር ቢሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል፤ ይህም በምድር ላይ ለሁለት ሰዓት፥ በ30 ሜትር ጥልቀት ግን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ትንፋሹ በእጥፍ ሊጨምር ይችላል።

በክፍት ባሕር አየር ያለቀበት ሰው ሌላ መንገድ ቢያጣ ቢያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ከበላዩ ዓለት ለሆነበት ሰው ግን ወደ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም፤ የገባበትን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ሰሜናዊ ክፍል ምድሩ የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ከሥሩ በውኃ የተሞሉ እጅግ ረጃጅም ዋሻዎች አሉበት። ውኃው ከምንጭ የሚወጣ ስለ ሆነ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ይህ ጥራቱ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ሰውን እያባበለ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ከወለሉ ላይ የተኛው ደለል በአንድ የእግር ምት ከተነሣ ግን የራስን እጅ እንኳ ማየት አይቻልም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አያሌ ወጣቶች በእነዚህ ዋሻዎች ሞተዋል። ከእነርሱም ውስጥ ዋና የሚችሉ፥ ጉልበት ያላቸው፥ በባሕር ጠለቃ የሠለጠኑም ነበሩ።

ሼክ ኤክስሊ የተባለው የፍሎሪዳ ሰው የእነዚህን አደጋዎች ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 መጽሐፍ አወጣ። የመረመረበት ዘዴ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ እያንዳንዱ ሟች የትኛውን ነገር ቢያደርግ ኖሮ በሕይወት ይወጣ ነበር ብሎ መጠየቅ። መልሶቹ ተደጋገሙ። ከመግቢያው ጀምሮ ያልተቋረጠ መሪ ሲባጎ ያልዘረጉ፥ ለመመለሻ የሚበቃ አየር ያላስቀሩ፥ ከሚገባው በላይ ጠልቀው የወረዱ ሆነው ተገኙ። ኤክስሊ ራሱ በ1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በሚባለው እጅግ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሲወርድ ሞተ። ይህን የምንጠቅሰው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። ሕጉን የጻፈ ሰው ከአደጋው ውጭ ነው ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው።

ከመልሶቹ ሁሉ የትጥቁን አሠራር የወሰነው የአየሩ ነገር ነው። ልማዱ የሢሶ ሕግ ይባላል፤ ከአየሩ አንዱ ሢሶ ለመግቢያ፥ አንዱ ለመመለሻ፥ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሦስተኛው ሢሶ የማን ነው? ብዙ ሰው የራሴ ነው ይላል። ሒሳቡን ብንሠራው ግን የጓደኛው ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለት ጠላቂዎች ዋሻው ውስጥ በሩቁ ጫፍ ሳሉ የአንደኛው አየር በሙሉ ቢጠፋ፥ ሁለተኛው ሁለት ሢሶ ቀርቶታል። ለመመለስ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሢሶ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ልክ ይበቃል፤ አይተርፍም።

ሲሊንደሮቻቸው እኩል ካልሆኑ ደግሞ ይህም ይፈርሳል። አንደኛው 4800 ሊትር፥ ሁለተኛው 2400 ሊትር ይዘው ገቡ እንበል። ትልቁን የያዘው አብዝቶ የሚተነፍስ ነውና ሢሶውን 1600 ሊትር ሲጨርስ፥ ሌላው በዚያው ጊዜ ሢሶውን 800 ሊትር ጨረሰ። ሁለቱም ሕጉን ጠብቀዋል። አሁን የትልቁ አየር ጠፋ እንበል። ትንሹ የቀረው 1600 ሊትር ሲሆን ለሁለቱም መመለሻ የሚያስፈልገው 2400 ነው። 800 ሊትር ይጎድላል፤ ሁለቱም ሕግ አክባሪዎች እንደ ሆኑ ይሞታሉ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ከመግባታቸው በፊት አየራቸውን ያስተያያሉ፤ የመመለሻውንም ልክ የሚወስኑት፥ አነስተኛ አየር የያዘው ከእርሱ ጋር አብዝቶ የሚተነፍሰውንም ማውጣት እንዲችል አድርገው ነው። ሕግን በቃል መያዝና የሕግን ምክንያት ማወቅ የሚለያዩት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

እንግዲህ አየሩ ተቀምጧል። ነገር ግን በአንዱ ጀርባ ላይ ያለው አየር ወደ ሌላው ሳንባ በምን መንገድ ይሄዳል? የትጥቁ ሁሉ ማዕከል ይህ ጥያቄ ነው።

በተለመደው የባሕር ጠለቃ ሁለተኛ መተንፈሻ በቢጫ ቱቦ ተሰክቶ በጠላቂው ጎን ይንጠለጠላል። ስሙም ኦክቶፐስ ይባላል። ቱቦው አንድ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ከማሰሪያው ወጥቶ በአሸዋ ላይ ሲጎተት ይታያል፤ ባለቤቱም ከወር እስከ ወር አይሞክረውም። በሰላም ጊዜ ይህ ሁሉ ምንም አይመስልም።

የፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂዎች ይህን ሥርዓት ገለበጡት። ለጓደኛ የሚሰጠው በአፍ ውስጥ ያለው መተንፈሻ ነው። ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ነው። አየር ያጣ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኛው በአፉ ይዞ አየር የሚተነፍስበት መተንፈሻ። ተጠየቀም አልተጠየቀም እርሱን ይነጥቃል። ደግሞም ያ መተንፈሻ በዚያች ሰከንድ በደኅና እንደሚሠራ የተረጋገጠ ነው፤ ባለቤቱ እየተነፈሰበት ነበርና። ሦስተኛው፥ ሰጪው አልደነገጠም፤ ቢያንስ ከተቀባዩ ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ ያለ አየር መቆየት የሚገባው እርሱ ነው። ለእርሱ የሚሆነው ሁለተኛ መተንፈሻ በላስቲክ ክር ከአንገቱ ላይ ታስሮ ከአገጩ ሥር ይቀመጣል። እጁን ሳያነሣ እንኳ አንገቱን ደፋ አድርጎ በአፉ ሊይዘው ይችላል።

የሚሰጠው ቱቦ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ይህም ለምቾት አይደለም። ዋሻው ጠባብ ሲሆን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን መዋኘት አይችሉም፤ አንዱ ከፊት፥ አንዱ ከኋላ መሆን አለባቸው። በአንድ ሜትር ቱቦ ይህ አይሆንም። ሁለት ሜትር ቱቦ ደግሞ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ከዓለቱ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ከቀኙ ሲሊንደር ተነሥቶ በቀኝ ጎን ይወርዳል፥ በወገብ ላይ ከታሰረው የመብራት ባትሪ ሥር ያልፋል፥ ደረትን አቋርጦ ወደ ግራ ትከሻ ይወጣል፥ በማጅራት ዞሮ በቀኝ በኩል ወደ አፍ ይደርሳል። ሲነገር የተወሳሰበ ይመስላል። በተግባር ግን ሰጪው መተንፈሻውን ይዞ ወደ ፊት ሲዘረጋና ጭንቅላቱን ዝቅ ሲያደርግ ቱቦው በአንድ ጊዜ ይፈታል። የእጅ መብራቱ በግራ እጅ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀኙ ለመስጠት ነጻ መሆን አለበት።

ለምን ከቀኙ ሲሊንደር ሆነ? ይህ ለእኛ ከሁሉ የሚጥመው ምክንያት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በላያቸው እንደ ቧንቧ የሚዞሩ ቫልቮች አሏቸው። ጠላቂው በዝቅተኛ ጣራ ሥር ወደ ፊት ሲዋኝ የቫልቩ እጀታ ከዓለቱ ጋር ይፋተጋል። ቫልቭ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የሚዘጋ ስለ ሆነና ሁለቱ እጀታዎች ፊታቸውን ወደ ተቃራኒ ጎን ያዞሩ ስለ ሆኑ፥ ያው ፍትጊያ የቀኙን ወደ መክፈት፥ የግራውን ወደ መዝጋት ያዞራል። አንባቢ ይህን በሁለት የቧንቧ እጀታ ሊሞክረው ይችላል። ስለዚህ ለጓደኛ የሚሰጠው አየር ጣራው ሊዘጋው ከማይችለው ከቀኙ ይመጣል። የአገጩ ሥር መተንፈሻ ከግራው ነው፤ ከጣራ ጋር የተነካካ ጠላቂም ሁልጊዜ እጁን ወደ ኋላ ልኮ የግራውን ቫልቭ ይፈትሻል። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ የራሱን ለጓደኛው ቢሰጥ፥ ወደ አፉ የሚያስገባው የተዘጋ ቱቦ ይሆናል።

በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው አገናኝ ቧንቧም እንዲሁ የታሰበበት ነው። አንዱ ሬጉላተር ቢበላሽ የእርሱ ቫልቭ ብቻ ይዘጋል፤ የሁለቱም ሲሊንደር አየር ግን በሌላው በኩል ይወጣል። በመካከል ያለው ሦስተኛ ቫልቭ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር ራሱ ማፍሰስ ሲጀምር የሚዘጋ ነው፤ ቢያንስ ግማሹ አየር ይድናል።

ትናንሽ ዕቃዎችን በአጭሩ እንለፋቸው። ስኖርክል የሚባለው ቀሰም መሰል መተንፈሻ በዋሻ ውስጥ ከጥቅሙ ይልቅ ሲባጎ መያዙ ስለሚበዛ ይቀራል። በሲኒማ የምናየው በባት ላይ የሚታሰር ትልቅ ቢላዋም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ቢላዋ በፊት በወገብ ላይ ይበቃል። መብራት ሦስት መሆን አለበት፤ አንድ ዋና፥ ሁለት መጠባበቂያ። ዕቃ የሚያያዝበት መንጠቆ በጣት ተስቦ የሚከፈተው ዓይነት ይሁን እንጂ በግፊት ወደ ውስጥ የሚከፈተው አይሆንም፤ ሲባጎ ራሱ ገፍቶት ይገባና ጠላቂውን እንደ ዓሣ ይይዘዋል። መንጠቆውም ከዕቃው ጋር በብረት ሳይሆን በክር ይታሰራል፤ ቢጣበቅ በቢላዋ ይቆረጣል።

ክብደትን ግን በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። አጋሰስ የሚጭን ሰው ጭነቱን ግራና ቀኝ ሲያመዛዝን መንገዱን ሁሉ አስቦ ነው፤ ዳገቱ ላይ የቀና ጭነት ቁልቁለቱ ላይ ሊዞር ይችላልና። የጠላቂም ጭነት መንገድ ላይ ይለወጣል። ቅድም ያልነው 2400 ሊትር አየር ራሱ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲተነፈስ ያልቃል፥ ጠላቂውም በዚያው ልክ ይቀላል። ከአሉሚኒየም የተሠራው የተለመደው ሲሊንደር አየሩ ሲያልቅ ወደ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ የአረብ ብረቱ ግን ባዶውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሰጥማል። ልብሱም እንደዚሁ ነው። ውኃን የሚያስገባው ወፍራም የጎማ ልብስ በላይ ሳለ ያንሳፍፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግፊቱ ስለሚጨፈልቀው መንሳፈፉን ያጣል።

አሁን ሁለት የአረብ ብረት ሲሊንደርና ወፍራም የጎማ ልብስ የመረጠ ሰው እናስብ። እያንዳንዱ ምርጫ ለብቻው ነቀፋ የለበትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በጥልቅ ውኃ ውስጥ ልብሱ ተጨፍልቆ፥ ሲሊንደሮቹ ሞልተው፥ ሰውየው በጀርባው ባለው የአየር ከረጢት ብቻ ተይዞ ይቀራል። ከረጢቱ ቢቀደድ እንኳን ወደ ላይ መዋኘት፥ ባለበት መቆምም አይችልም። ስለዚህ ከአረብ ብረት ሲሊንደር ጋር ውኃ የማያስገባ ደረቅ ልብስ ይመረጣል፤ አየር ሊጨመርበት ስለሚቻል ሁለተኛ ማንሳፈፊያ ይሆናል። የጎማ ልብስ የሚለብስ ደግሞ አሉሚኒየሙን ይይዛል። ዕቃ ገዝቶ ሱቅ ውስጥ «ይህ ይሻላል፥ ያ ይሻላል» ማለት ከንቱ የሆነው ለዚህ ነው፤ የሚሻለው ከምን ጋር እንደ ሆነ ሳይነገር ጥያቄው አልተጠየቀም።

ይህ አደረጃጀት በፍሎሪዳው ጠላቂ በዊልያም ሆጋርዝ ሜይን መካከለኛ ስም «ሆጋርዛዊ» ተብሎ ይጠራል። ሜይን የታወቀው ዕቃ በመቀነስ ነው፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ከላዩ ያወርድ ነበር። በ1990ዎቹ በዋኩላ ምንጭ አካባቢ ያሉትን ዋሻዎች የሚመረምሩት ጠላቂዎች ይህንኑ አጥብቀው ያዙና፥ አብሮን የሚገባ ሁሉ ልክ እንደኛ ይታጠቅ፥ አለዚያ አይገባም አሉ። «በትክክል መሥራት» ብለው ስም አወጡለት። ክርክሩም ያኔ ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ ይህ ሃይማኖት እንጂ ትምህርት አይደለም፥ ነጻ ሰው እንደ ልቡ ይታጠቅ አሉ። እነዚያም ሲመልሱ፥ እንደ ልብህ የታጠቅኸው በጨለማ ውስጥ የእኔ እጅ ሊፈልገው ነው፥ ስለዚህ የአንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም አሉ።

በእኛ አስተያየት በዚህ ነጥብ አጥባቂዎቹ ትክክል ናቸው። የጓደኛህ መተንፈሻ ያለበትን ቦታ ደለል በተነሣበት ሰዓት መፈለግ አይቻልም፤ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ነገር ግን ያጠፉበትም ቦታ አለ። ደቀ መዛሙርቱ ከመምህራኑ በዝተው፥ በ10 ሜትር ጥልቀት በክፍት ባሕር ዓሣ ለማየት የወረደውን ሰው ሁሉ ስለ መንጠቆው መዝለፍ ጀመሩ። ለዚያ ሰው ሁለት ሲሊንደርና ሦስት መብራት ምን ይሠሩለታል? ከአፍ የመስጠት ልማድና ከአገጭ ሥር ያለው መተንፈሻ ግን ለእርሱም ይጠቅማሉ፤ አየር ማጣት በክፍት ባሕርም አለና። የትኛው ይቀራል፥ የትኛው ይሄዳል የሚለውን መለየት የሚችለው ምክንያቱን የያዘ ሰው ብቻ ነው።

በእንግሊዝ አገር ያሉት ዋሻ መርማሪዎች ይህን ያሳያሉ። የእነርሱ ዋሻ በከፊል ደረቅ፥ በከፊል በውኃ የተሞላ፥ ብዙ ጊዜም በጀርባው ሲሊንደር ያዘለ ሰው የማያሳልፍ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን ከጀርባ አውርደው በጎንና በጎናቸው አሠሯቸው። በኋላ ይህ አሠራር ወደ ፍሎሪዳና ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ። በዚህ ዓይነቱ ትጥቅ አገናኝ ቧንቧ የለም፤ ሁለቱም ቫልቮች በዓይን ይታያሉ፥ ጠላቂው ግን አየሩ እንዲተካከል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ መተንፈስ አለበት። ሁሉም ነገር የተለወጠ ይመስላል። ሆኖም ዛሬ በዚህ ትጥቅ ዋሻ የሚገቡትን ብንመለከት፥ አንዱ ቱቦ አሁንም ሁለት ሜትር ያህል ነው፥ ሌላውም መተንፈሻ ከአገጭ ሥር ታስሯል።

ከመግባታቸው በፊት የሚያደርጉትን ነግረን እንጨርስ። ገና በመግቢያው፥ ብርሃን ባለበት ጥልቀት፥ ጠላቂዎቹ ትይዩ ይቆማሉ። አንዱ እጁን በጉሮሮው ላይ ያሳልፋል፤ አየር አለቀብኝ ማለት ነው። ሌላው ከአፉ አውጥቶ ይሰጠዋል፥ ራሱም ከአገጩ ሥር ያለውን ይይዛል፥ ቱቦው እስከ ጫፉ መዘርጋቱ ይታያል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሦስቱን ቫልቮች በየተራ ይነካል። መድረስ ያቃተው ሰው በዚያ ቀን አይገባም፤ ወደ ምድር ወጥቶ ጠፍሩን ያስተካክላል፥ ሲሊንደሮቹንም ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል።